ለዛፍ ላይ ሥራ ትልቁን መጋዝ አትግዙ፦ መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን ከአንድ የሰፈራችን ልጅ ጋር መርካቶ ወርጄ ነበር። ልጁ ዛፍ ቆራጭ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ሰፈሩ ግን ያውቀዋል። ክረምት ሊገባ ሲል ጣሪያው ላይ ያዘነበለ ባህር ዛፍ ያለበት ሰው ሁሉ የሚደውለው ለእሱ ነው። እስካሁን የሚሠራው በመጥረቢያና በእጅ መጋዝ ነበር። ዘንድሮ ዕቁብ ወጣለትና የሞተር መጋዝ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ቼይንሶ የምንለውን፣ ሊገዛ ወሰነ። "አንተ ኢንተርኔት ላይ ታያለህ፣ አብረን እንሂድ" አለኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ ገባን። ሻጩ "ሥራህ ምንድን ነው?" ብሎ አልጠየቀም። ቀጥታ ትልቁን አወረደ።

"ወንድሜ፣ ይሄን ውሰድ። 58 ሲሲ ነው፣ 22 ኢንች። ምንም ዛፍ አያቅተውም። ዋጋው ደግሞ ከትንሹ ብዙም አይርቅም፣ ታዲያ ለምን ትንሽ ትገዛለህ?"

የልጁ ዓይን በራ። እውነት ለመናገር እኔንም ሊያሳምነኝ ጥቂት ነው የቀረው። ተመሳሳይ ብር ከፍለህ ትልቁን ማግኘት እየቻልክ ለምን ትንሹን? ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፦ "ይሄን ተሸክመህ ነው ዛፍ ላይ የምትወጣው?"

ዝም አለ። መጋዙን አነሳው፣ አንድ እጁን ዘርግቶ ያዘው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ መሬት ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሁለት እግሩ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ነው።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ነው። ፍሬ ነገሩን ልንገራችሁ፦ ዛፍ ላይ ወጥቶ ለሚሠራ ሰው ትክክለኛው መጋዝ ሥራውን መጨረስ ከሚችሉት ውስጥ ትንሹ ነው። ለምን እንደሆነና እንዴት እንደሚመረጥ ደግሞ አንድ በአንድ እንየው።

ለምንድን ነው ዛፍ ላይ የሚወጣው?

ሜዳ ላይ የበቀለ ባህር ዛፍ ከሥሩ ይቆረጣል፣ ይወድቃል፣ አለቀ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን መውደቂያ ቦታ የለም። በአንድ በኩል የጎረቤት ቆርቆሮ አለ፣ በሌላ በኩል የመብራት ሽቦ፣ ከታች ደግሞ አጥር። ስለዚህ ከጫፉ ጀምሮ እየቆራረጡ ማውረድ ግድ ይሆናል።

ባህር ዛፍ እዚህ ሀገር የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም ገደማ ነው። አዲሷ ከተማ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጥሯት ስለነበር ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ያስፈልጋት ነበር። ደጋው ላይ በብዛት የምናየው ነጭ ባህር ዛፍ የሚባለው ነው። ለአጣና ሲፈለግ በልጅነቱ ይቆረጣል። ግቢ ውስጥ ተረስቶ ከቀረ ግን ከፎቅ በላይ ይረዝማል።

እርጥብ ባህር ዛፍ ደግሞ ከባድ ነው። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ እንጨት ወደ 1,000 ኪሎ ይጠጋል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ይህን ወደሚገባን ነገር ስንቀይረው፦ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ40 ቢሆን፣ አንድ ኩንታል ይመዝናል። አንድ ኩንታል ጤፍ ከራሳችሁ አጠገብ፣ ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ሲንሸራተት አስቡት። ስለዚህ ላይ የሚሠራ ሰው ትልልቅ አይቆርጥም፣ ትንንሽ ነው የሚቆርጠው። ትንንሽ ለመቁረጥ ደግሞ 22 ኢንች አያስፈልግም።

ሦስቱ ቁጥሮች፦ ሲሲ፣ ኢንች፣ ኪሎ

የሞተር መጋዝ ስትገዙ ማወቅ ያለባችሁ ሦስት ቁጥር ነው። ሻጮች ስለ ሁለቱ ይናገራሉ፣ ሦስተኛውን ማንም አያነሳውም።

1. ሲሲ። የሞተሩ ትልቅነት ነው። ሞተር ሳይክል የምትነዱ ልጆች ታውቁታላችሁ። ሲሲው ሲጨምር ጉልበቱ ይጨምራል፣ ክብደቱና የሚጠጣው ቤንዚንም አብሮ ይጨምራል።

2. ኢንች። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ ባር የሚባለው፣ ርዝመት ነው። የሚቆጠረው ከመጋዙ አካል ወጥቶ የሚታየውና እንጨት የሚቆርጠው ክፍል ብቻ ነው። በሳንቲ ሜትር ሲሆን፦
12 ኢንች ወደ 30 ሳንቲ ሜትር
14 ኢንች ወደ 35
16 ኢንች ወደ 40
18 ኢንች ወደ 45
20 ኢንች ወደ 50
22 ኢንች ወደ 55

3. ኪሎ። ዛፍ ላይ ለሚወጣ ሰው ዋናው ቁጥር ይህ ነው። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ያለ ባር፣ ያለ ሰንሰለት፣ ያለ ነዳጅና ያለ ዘይት ያለው ክብደት ነው። ሁሉም ሲጨመር ከአንድ ኪሎ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ "ስንት ኪሎ ነው?" ስትሉ "ባሩ ታስሮ፣ ቤንዚን ተሞልቶ ነው?" ብላችሁ ጨምሩበት።

የባሩን ርዝመት ለመምረጥ ቀላል መንገድ አለ። ብዙ ጊዜ የምትቆርጡትን ግንድ በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ለኩት፣ ከዚያ ለ3 አካፍሉት። ዙሪያው 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ ወደ 30 ነው። በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ ባሩ ከውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢበልጥ በቂ ነው። ለ30 ውፍረት 14 ኢንች ይበቃል ማለት ነው። ከዚያ የወፈረው ደግሞ መሬት ላይ በሁለት በኩል ይቆረጣል።

አንድ ነገር አስተውሉ፦ ውፍረቱን የምትለኩት ላይ በምትቆርጡበት ቦታ እንጂ ከሥሩ አይደለም። ከሥሩ 50 የሆነ ባህር ዛፍ ላይ፣ እናንተ ቆማችሁ የምትቆርጡት ቦታ፣ 15 ወይም 20 ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የዛፉን ሥር አይቶ መጋዝ ይገዛል፣ ከዚያ ያንኑ መጋዝ ይዞ ጫፍ ላይ ይወጣል።

የአዲስ አበባ ከፍታ የሚበላው ጉልበት

ይህን ሻጩም አይነግራችሁም፣ የውጭ ቪዲዮዎችም ብዙ ጊዜ አያነሱትም።

መርካቶ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ከባህር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህሉ የለም። የቤንዚን ሞተር የሚቃጠለው በአየር ስለሆነ አየሩ ሲቀንስ ጉልበቱም ይቀንሳል። በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ይጠፋል ብላችሁ ብታሰሉ፣ አዲስ አበባ ስትደርሱ ከአምስት እጅ አንዱ ወይም ከዚያም በላይ ሄዷል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ይብሳል።

"እንደዚያ ከሆነማ ትልቁን ልግዛ" ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ግን መፍትሔው ባሩን ማሳጠር ነው። አጭር ባር ላይ ያለ ትንሽ ሞተር ሰንሰለቱን በደንብ ያሽከረክረዋል። ሻጩ ያወረደልን ዓይነት 22 ኢንች የታሰረበት የቻይና መጋዝ ግን ቆላ ላይ እንኳ ይጨነቃል። እዚህ ደግሞ ወፍራም እንጨት ውስጥ ሲገባ ይቆማል። ያንኑ ሞተር ላይ 16 ወይም 18 ኢንች ብታስሩበት ሌላ መጋዝ ይመስላችኋል።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ከፋብሪካ የመጣ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል። መጋዙ ያጨሳል፣ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ የሚያውቅ መካኒክ በካቻቢቴ ማስተካከል አለበት። እዚህ የተስተካከለ መጋዝ ይዛችሁ ጋምቤላ ወይም አዋሽ ብትወርዱ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስቶኑ ይቃጠላል። ሥራ ለመሥራት ቆላ የምትወርዱ ልጆች እንደገና ማስተካከል እንዳትረሱ። አንዳንድ ውድ አዳዲስ ሞዴሎች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ። መርካቶ በብዛት የሚሸጡት ርካሾቹ ግን አያስተካክሉም።

የቱ ለምን?

እንደ ሥራው ከፋፍዬ ላስቀምጠው።

የእጅ መጋዝ። አትሳቁ። 10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ቅርንጫፍ ጥሩ የእጅ መጋዝ ከሞተር ይሻላል። ውጭ ሀገር ዛፍ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች እንኳ ወገባቸው ላይ አንድ ጠማማ የእጅ መጋዝ አይለያቸውም። አይጮህም፣ አይከብድም።

ከ25 እስከ 38 ሲሲ፣ ከ10 እስከ 14 ኢንች፣ ላይኛ እጀታ ያለው። ለዛፍ ላይ ተብሎ የተሠራው ይህ ነው። ዋና እጀታው ከኋላ ሳይሆን ከሞተሩ በላይ ስለሆነ ለሰውነት ይቀርባል። የስቲል ኤምኤስ 201 ቲ 35 ሲሲ ነው፣ ያለ ባር 3.7 ኪሎ ይመዝናል። የሁስኳርና ቲ 540 ኤክስፒ ወደ 38 ሲሲ ነው፣ 3.9 ኪሎ። በቻይና የተሠሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ "2500" የሚል ቁጥር አላቸው፣ 25 ሲሲ ናቸው። እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ላለ ቅርንጫፍ ይሠራሉ። ግን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ይህን ዓይነት መጋዝ የሚሸጡት ዛፍ ላይ መሥራት ለተማረ ሰው ብቻ መሆኑን መመሪያቸው ላይ ይጽፋሉ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ከ30 እስከ 45 ሲሲ፣ ከ14 እስከ 16 ኢንች፣ የኋላ እጀታ ያለው። አንድ መጋዝ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው የሚሆነው ይህ ነው። የወደቀ ግንድ ይቆራርጣል፣ የግቢ ዛፍ ይጥላል፣ ለመማርም ይመቻል። የስቲል ኤምኤስ 170 ለምሳሌ 30 ሲሲ ገደማ ነው፣ ክብደቱ ወደ 4 ኪሎ።

ከ50 እስከ 60 ሲሲ፣ ከ16 እስከ 18 ኢንች። መሬት ላይ ቀኑን ሙሉ ግንድ ለሚቆራርጥ ሰው ነው። ዛፍ ላይ አይወጣም።

ከ70 ሲሲ በላይ። ለጣውላ ሰንጣቂና ለትልቅ ግንድ ነው። የስቲል ኤምኤስ 382 72 ሲሲ ነው። ታዋቂው ኤምኤስ 070 ደግሞ 105 ሲሲ ሲሆን ያለ ባር ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ቦክሰር 100 ሞተር ሳይክል የሚያክል ሞተር በእጅ መያዝ ማለት ነው። በብዙ የአፍሪካ ሀገራት ጣውላ ሲሰነጥቁበት ታዩታላችሁ። ጎበዝ መጋዝ ነው፣ ግን ቦታው መሬት ነው።

ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ አትመኑ

"5800" የሚል ቁጥር ያየ ሰው 58 ሲሲ ነው ይላል። ቁጥሩ የሞዴል ስም ነው። 5800 ከሚባሉት ብዙዎቹ በትክክል ሲለኩ 54 ሲሲ ገደማ ናቸው፣ ከዚያ የሚያንሱም አሉ። ማታለል ይሁን ልማድ የየራሳችሁ ፍርድ ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ መጋዙ ላይ የተለጠፈውን የብረት ወይም የፕላስቲክ ምልክት ወይም መመሪያውን ከፍታችሁ ሲሲውንና ኪሎ ዋቱን አንብቡ። ኪሎ ዋት ካልተጻፈበት ጠርጥሩ።

ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የምታዩአት ትንሿ ባለ ባትሪ መጋዝም አለች። "48 ቮልት"፣ "88 ቮልት" ይሉላችኋል። ባትሪውን ብትፈቱት ብዙ ጊዜ 5 ሴል ነው። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ በ5 ሲባዛ 21 ቮልት። የቀረው ማስታወቂያ ነው። ያም ሆኖ መጥፎ ዕቃ አይደለችም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጉልበቷን አይቀንሰውም። ለቀጫጭን ቅርንጫፍ ትሆናለች። አደጋዋ ግን በአንድ እጅ ስለምትያዝ ነው። በሌላኛው እጃችሁ ቅርንጫፉን ትይዛላችሁ፣ ሰንሰለቱም ወደዚያ እጅ ይሄዳል።

ሦስተኛው የኮፒ ጉዳይ ነው። የታወቁትን የጀርመንና የስዊድን መጋዞች ቀለምና ስም ይዘው የሚመጡ ኮፒዎች ሞልተዋል። ኮፒ መግዛት የአቅም ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ አልፈርድም። ግን ኮፒ በኦሪጅናል ዋጋ አትግዙ። ዋናውን መጋዝ የሠራው ፋብሪካ የሞተር ቁጥር ይመታበታል። ተለጣፊ ብቻ ከሆነ፣ ጽሑፉ ፊደል ከተዛባ፣ ሳጥኑና መጋዙ ላይ ያለው ሞዴል ከተለያየ ዋጋውን እንደ ኮፒ ተከራከሩ።

ትልቅ መጋዝ ዛፍ ላይ ለምን ይገድላል?

እዚህ ጋ ቀልድ የለም።

አንደኛ፣ ይራገጣል። የባሩ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ ሰንሰለቱ ይያዝና መጋዙ እንደ በቅሎ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ፊታችሁ ይመለሳል። ሰው "ወይኔ" ሳይል ነው የሚያልቀው። መሬት ላይ ቢሆን ዘወር ማለት ይቻላል። ዛፍ ላይ የት ትሄዳላችሁ? ባሩ በረዘመ ቁጥር ጫፉ የማታዩት ቅርንጫፍ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ ክንድ ይደክማል። 7 ኪሎ ከትከሻ በላይ ይዞ መቁረጥ ለጥቂት ደቂቃ ይቻላል። ሰባተኛው ቅርንጫፍ ላይ ግን እጅ ይዝላል፣ የዛለ እጅ ደግሞ መጋዙን ወደ እግር ይለቀዋል። ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ሱሪ አያቆመውም።

ሦስተኛ፣ ገመድ። ዛፍ ላይ ያለ ሰው ሕይወቱ በገመድ ላይ ነው፣ መጋዙ ደግሞ ገመድ አይመርጥም። ስለዚህ የባለሙያዎቹ ሕግ ሁለት ማሰሪያ ነው። አንዱ ዋናው ገመድ፣ ሌላው ግንዱን ዞሮ ወገብ ላይ የሚታሰር፣ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለው። አንዱ ቢቆረጥ ሌላው ይይዛል። መጋዙም ራሱ በአጭር ገመድ ቀበቶ ላይ ይታሰራል፣ ቢያመልጥ ታች ያለውን ሰው እንዳይመታ። ዕቃ መጫኛ ናይለን ገመድ ለሰው አይሆንም። ለዛፍ ሥራ የሚሠራው ገመድ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ክብደት የመያዝ አቅሙ የተጻፈበት ነው።

አራተኛ፣ ላይኛ እጀታ ያለው ትንሹ መጋዝም ወጥመድ አለው። ቀላል ስለሆነ በአንድ እጅ መቁረጥ ያስመኛል። የተሠራው ግን ለሁለት እጅ ነው። በአንድ እጅ የያዘው ሰው ሲራገጥበት ሊያቆመው አይችልም። "ለተማረ ሰው ብቻ" የሚባለው ለዚህ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ደግሞም የመብራት ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ ጨርሶ አትንኩ። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። 905 ደውላችሁ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንገሩ፣ መስመሩ ይቋረጥ፣ ከዚያ ይሠራ። ዛፉ ሀገር በቀል ከሆነ፣ ማለትም ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ ከሆነ ደግሞ ከመንካታችሁ በፊት ወረዳ ጠይቁ። ባለቤቱ "ቁረጠው" ስላለ ብቻ ነገሩ አያልቅም።

ሱቅ ውስጥ የምትፈትሹት

እኔና ልጁ ሁለተኛው ሱቅ ስንገባ ይህን ስልኬ ላይ ጽፌ ነበር። ስክሪንሹት አድርጉት።

፩. ፍሬኑ። ከፊት እጀታው በፊት ያለውን መከላከያ ወደ ፊት ግፉት። ቀጭ ይላል። ከዚያ ጓንት አድርጋችሁ ሰንሰለቱን ለመሳብ ሞክሩ። ከተንቀሳቀሰ አትግዙ። አሮጌ ንድፍ ያላቸው ትልልቆቹ መጋዞች ጨርሶ ፍሬን የሌላቸው አሉ፣ እሱንም አረጋግጡ።

፪. ሚዛኑ። ባሩ ታስሮ፣ በሁለት እጅ ደረት ፊት ለፊት ዘርግታችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት። ከተንቀጠቀጣችሁ ከባድ ነው። ነዳጅ ገና አልገባበትም።

፫. ሰንሰለቱ። ባሩ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ የሰንሰለቱ ዓይነት፣ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር፣ የመንጃ ጥርሱ ብዛት። ፎቶ አንሱት። ሌላ ጊዜ ሰንሰለት ስትገዙ ያንን ፎቶ ካሳያችሁ አትሳሳቱም። "14 ኢንች ስጠኝ" ብቻ ማለት አይበቃም፣ 14 ኢንች ሆኖ የማይገባ ሰንሰለት አለ።

፬. ሞረዱ። ሰንሰለት የሚሳለው በክብ ሞረድ ነው፣ መጠኑም ይለያያል። ትንንሾቹ መጋዞች ላይ የተለመደው 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ መካከለኞቹ 4.8፣ ትልልቆቹ 5.2 ወይም 5.5። የተሳለ ሰንሰለት እንጨቱን እንደ ቅንጣቢ ያወጣዋል። ዱቄት ብቻ ካወጣ ደንዟል። የደነዘ ሰንሰለት ያለው ሰው መጋዙን ይጫናል፣ ሲጫን ደግሞ ያመልጠዋል። ብዙ ሰው "መጋዜ አነሰኝ" ብሎ ትልቅ የሚገዛው ሰንሰለቱ ስለደነዘ ነው።

፭. መለዋወጫው። "ካንዴላ፣ ሰንሰለት፣ ማስነሻ ገመድ የት አገኛለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ እዚያው ካላሳያችሁ አስቡበት።

፮. ማስነሳት። ሳይነሳ ከፍላችሁ እንዳትወጡ። መሬት ላይ አስቀምጣችሁ፣ የኋላ እጀታውን በእግር ረግጣችሁ፣ ፍሬኑን ይዛችሁ አስነሱት። ቲክቶክ ላይ እንደሚታየው በአንድ እጅ አንጠልጥሎ በሌላው መሳብ እግር ያስቆርጣል።

ከገዛችሁ በኋላ ቤንዚኑ ብቻውን አይገባም፣ የሁለት ምት ዘይት ይቀላቀልበታል። መመሪያው 25 ለ 1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። 50 ለ 1 ካለ 20 ሚሊ ሊትር። በዓይን አትገምቱ። ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሲሪንጅ ግዙ፣ ቀላል ሂሳብ ነው። የሰንሰለቱ ዘይት ደግሞ ለብቻው ሌላ ጋን ውስጥ ይገባል። ሁለቱን ያምታታ ሰው መጋዙን በመጀመሪያው ቀን ይገድለዋል።

ጆሯችሁንም አስቡ። የቤንዚን መጋዝ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ጆሮ ቀስ በቀስ መጎዳት የሚጀምረው ከ85 በላይ በሆነ ድምፅ ውስጥ ብዙ ሰዓት ሲቆዩ ነው። በሃያ ዓመት ልጅነት ሲጮህ ምንም አይመስልም፣ በሠላሳ አምስት ግን ስልክ ሲያወሩ "እንዴ? እንዴ?" ማለት ይመጣል።

ታዲያ ልጁ ምን ገዛ?

22 ኢንቹን አልገዛም። ሁለተኛው ሱቅ ያለው ሻጭ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ጋሼ አልናቸው። መጀመሪያ የጠየቁት "ልጄ፣ የምትቆርጠው ምን ያህል ይወፍራል? ላይ ነው ታች?" ብለው ነው። እዚያው ልባችን አረፈ።

የገዛው 14 ኢንች ባር ያለው፣ የኋላ እጀታ ያለው፣ 40 ሲሲ የማይሞላ መጋዝ ነው። ለመሬትና ለግንዱ የታችኛው ክፍል። ላይ ሲወጣ ለጊዜው በእጅ መጋዙ ይቀጥላል። "ሁለት ማሰሪያ መጠቀም እስክለምድ ሞተር ይዤ አልወጣም" አለኝ። ለ22 ኢንቹ ሊከፍል ካሰበው የተረፈው ብር ብዙ አልነበረም፣ ግን ሄልሜት፣ የጆሮ መሸፈኛና ሞረድ ገዛበት። ለገመዱና ለቀበቶው ደግሞ የሚቀጥለውን ሥራ ገንዘብ መድቧል።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ መጋዙን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ "ያ ሰውዬ እኮ አሳምኖኝ ነበር" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "እናቴ ዛፍ ላይ ስወጣ ከቤት አትወጣም፣ ማየት አትችልም። ዛሬ ሄልሜቱን አሳያታለሁ" አለኝ።

ሰፈራችሁ ውስጥ ዛፍ የሚቆርጥ ልጅ ካለ፣ ወይም መጋዝ ሊገዛ መርካቶ የሚወርድ ጓደኛ ካላችሁ፣ ከመክፈሉ በፊት ይህን ላኩለት።